ሳር አጭዶ የሚጥለው ባል

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በውጭ አገር ፊልም ላይ ያ ባል የተባለው ሰውዬ ቅዳሜ ጠዋት ሳሩን አጭዶ ሲያበቃ ወዴት ነው የሚወስደው?

አትሳቁ፤ የምሬን ነው። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ድፍን ሁለት ዓመት ሆነ። ቤቱ ትልቅ ነው፤ አጥር የለውም፤ ደጁ ሁሉ ሳር ነው። ሰውዬው ቁምጣውን ለብሶ ይወጣና አንዲት የምትንተከተክ ማሽን እየገፋ ሳሩን ሙልጭ አድርጎ ያጭዳል። ጎረቤቱም ያጭዳል። የጎረቤቱ ጎረቤትም ያጭዳል። እሺ፣ ላሟ የታለች? ላም የለችም። በግ የለም፣ ፍየል የለም። ያለው አንድ ውሻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳር አይበላም። እኔ የምኖረው ሸሕዲ ነው፤ ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ መንገድ ዳር የምትገኘው ከተማ። እዚህ በበጋ አንድ ሸክም ሳር ተሸክሞ ገበያ መሐል የሚያልፍ ሰው ሰላም የሚለው አያጣም። ስለዚህ ፊልም በተከፈተ ቁጥር ሌላው ሰው ተዋናዮቹን ሲያይ የኔ ዓይን ከጀርባ ላም ይፈልጋል።

ባለቤቴ ትርንጎ እዚሁ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እኔ የትራክተር መካኒክ ነኝ፤ ጋራዡ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ነው። ማኅሌት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለችን። እሑድ ከሰዓት ሦስታችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም እናያለን። ተርጓሚው አንድ ሰው ነው። ባልየውም እሱ ነው፣ ሚስትየዋም እሱ ነው፣ አማቲቱም እሱ ነው። ውሻው ሲያላዝን ራሱ ድምፁ የሱ ይመስለኛል። ታዲያ ሰውዬው ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቦርሳውን ያስቀምጥና በዚያ ወፍራም ድምፅ «ማር! መጣሁ!» ይላል። ሚስትየዋም በዚያው ወፍራም ድምፅ «እንኳን ደህና መጣህ ማር» ትለዋለች። ሁለቱም ማር ናቸው። ማን ማንን እንደጠራ ለማወቅ አፋቸውን ማየት ያስፈልጋል።

ያንን ሰውዬ ማጥናት ጀመርኩ። ጠዋት ቦርሳ ይዞ ይወጣል፤ ምን እንደሚሠራ አይነገረንም፤ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለም አንድ ቀን አላየሁ። ቅዳሜ ሳር ያጭዳል፣ መኪና ያጥባል። መኪናዋ ከመታጠቧ በፊትም ንጹሕ ናት፤ እኔ የማጥባቸውን ትራክተሮች ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ። ሚስቱ ስትቆጣ ትራስና ብርድ ልብስ ትወረውርለትና ሶፋ ላይ ያድራል። ይህ ትልቅ ቅጣት ነው፤ ሙዚቃው ራሱ ያዝናል። እኛ ዘንድ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ከቤት ሲያስወጣን ከተማው በሙሉ አንገረቡን፣ ያን በገመድ የተጠላለፈ የሱዳን አልጋ፣ ግቢው ውስጥ አውጥቶ ነው የሚያድረው። በፊልሙ ሕግ ከሄድን ሸሕዲ ውስጥ ከሚስቱ ጋር የታረቀ ባል የለም ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የእሳቱ ነገር ነው። ይኸው ሰውዬ ደጅ ላይ ከሆነ ሽርጥ አስሮ፣ ጎረቤት ሰብስቦ ሥጋ ይጠብሳል። ሥጋውን ሲያገላብጥ የጦር አዛዥ ነው የሚመስለው። ያው ሰውዬ ደጃፉን አልፎ ወጥ ቤት ሲገባ ግን እንቁላል መቀቀል ያቅተዋል። ድስቱ ያርራል፣ ቧንቧው ይፈነዳል፣ የልብስ ማጠቢያው አረፋ ደረጃውን ይወርዳል። ሚስቱ ስትመጣ አረፋ ውስጥ ተቀምጦ ታገኘዋለች፤ ትስቃለች፣ ታቅፈዋለች፣ ከዚያ ራሷ ታጸዳዋለች። እኔ እንግዲህ አሰብኩ። እሳት ያው እሳት ነው። ሰውዬውም ያው ሰውዬ ነው። ልዩነቱ ጣሪያው ብቻ ነው። ወንድ ልጅ ጣሪያ ሥር ሲገባ ይደነዝዛል ማለት ነው?

ይህን ምርምሬን ለትርንጎ ነገርኳት። የማኅሌትን ቀሚስ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«አንተስ?» አለች።

«እኔስ ምን?»

«አንተስ ጣሪያ ሥር ምንድን ነህ?»

በስምንት ዓመት ትዳራችን ወጥ ቤት የገባሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በገባሁ ቁጥርም የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ጨው የት ነው ያለው?» ጨው ያለው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ያለው መስኮቱ ሥር ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ነው።

መልስ ያጣ ሰው ፊልም እንደ መማሪያ መጽሐፍ ይይዛል። ወሩ ኅዳር ስለነበረ ግቢያችን ውስጥ ሳር ሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። አጨድኩት። እስከዚህ ድረስ ፊልሙና እኔ አንድ ነን። ችግሩ የመጣው ያጨድኩትን ሳር አቅፌ ልጥለው ወደ ቦዩ ስሄድ ነው። ጎረቤታችን እማማ ዝማም፣ አምስት ፍየል የሚያረቡት አሮጊት፣ አጥራቸውን ይዘው ጮኹ።

«ልጄ! ምን ሆንክ? ምን ነካህ?»

«ልጥለው ነው እማማ።»

«ትጥለው? ሳር?» ነጠላቸውን አጣፍተው እየሮጡ መጡ። እጃቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ሙቀቴን ለኩ። ወባ የያዘኝ መስሏቸው ነበር። ሳሩን ከእቅፌ ወሰዱና እስከ ማታ ድረስ በየአጥሩ «የትርንጎ ባል እንዴው ምን አግኝቶት ይሆን?» እያሉ ሲጠያየቁ ዋሉ።

ሰኞ ደግሞ ሁለተኛውን ትምህርት ሞከርኩ። ከጋራዥ ስመለስ የመፍቻ ሣጥኔን በሩ ላይ አስቀመጥኩና፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በተርጓሚው ድምፅ «ማር! መጣሁ!» አልኩ። ትርንጎ አልወጣችም። የወጡት እማማ ዝማም ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ባዶ ብልቃጥ፣ በሌላው መቀነታቸውን እየፈቱ።

«የታለ? የቋራ ነው? ነጩ ነው ቀዩ?»

የቋራ ማር ሻጮች ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው በየሰፈሩ እንደሚጣሩ ረስቼው ነበር። ከእማማ ዝማም ኋላ ሁለት ሴቶች ሰሃን ይዘው ደረሱ። ማር እንደሌለ፣ የመጣሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ብነግራቸው ማንም አላመነኝም። እማማ ዝማም «ለዘመዶቹ ሸጦት ነው» ብለው አኩርፈው ገቡ። ትርንጎ መስኮቱ ሥር ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ሳቅ ለብዙ ቀን አልሰማሁትም።

ምክንያቱም በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ጎንደር ሄዶ ለስድስት ወር የሚማር አንድ ነርስ ይፈለጋል፤ ሲጨርስ ደረጃው ከፍ ይላል። ተራው የሷ ነው። አምስት ዓመት ጠብቃዋለች። ስሟን ከሚመጣው ሳምንት ቀጥሎ ባለው ሰኞ ካልሰጠች ዕድሉ ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል።

«ማኅሌትን ከትምህርቷ ነቅዬ አልሄድም» አለችኝ። «የሚመጣውን ሳምንት ቤቱን ያዝልኝ። ከጋራዡ በጊዜ ትወጣለህ። እኔ እዚሁ ሆኜ ምንም አልነካም። ከቻልክ ስሜን እሰጣለሁ። ካልቻልክ እተወዋለሁ። አንቺ ልጅ፣ አንቺም ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ» አለች ማኅሌት። «ግን አባቶች በፊልም ላይ አይችሉም እኮ።»

«ዝም በይ» አልኳት።

ሰኞ ሽሮው አረረ። ከማረርም አልፎ ድስቱን ይዞ ጠቆረ፤ ጭሱን አይተው እማማ ዝማም አንድ ማሰሮ ውሃ ይዘው ደረሱ፣ ቀጥለውም አንድ ሰሃን ወጥ ይዘው ተመለሱ። ትርንጎ ከሥራ መጥታ በልታ እጇን ታጠበች። ማክሰኞ የማኅሌትን ፀጉር ሠራሁ። በግራ በኩል ሦስት ጉንጉን፣ በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ነገር ወጣ። ልጄ በመስታወት አይታ «አባዬ፣ ይሄ የትራክተር ገመድ ነው» አለችኝና ሻሽ አስሬላት ሄደች። ረቡዕ እንጀራው ከምጣዱ አልነሳ ብሎ በቢላዋ ፋቅኩት። ሐሙስ የትርንጎን ነጭ ጋውን ከጋራዥ ቱታዬ ጋር በአንድ ሳፋ ነከርኩት። ጋውኑ ሲወጣ የዝናብ ደመና የመሰለ ቀለም ነበረው፤ ደረቱ ላይ የግሪስ ካርታ። እማማ ዝማም ሁልጊዜ ደረሱልኝ። «ወንድ ምን ያርግ፣ እሱ ምን ያውቃል» እያሉ ሳፋውን ከእጄ ወሰዱ።

እኔ ውስጤ ብዙም አልተረበሸም፤ ፊልሙን አውቀዋለሁና። እንዲህ እንዲህ ሲል ይቆይና መጨረሻ ላይ ሚስትየዋ ትስቃለች፣ ታቅፋለች። ሳቋን ጠበቅኩ። ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ያንን ደመና የመሰለ ጋውን ለብሳ ነበር፤ ሌላ ቅያሪ አልነበራትም። አንገረቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ይቅር» አለች።

«ምኑ?»

«ትምህርቱ። ሰኞ ሌላ ሰው ይላኩ እላቸዋለሁ። አንተም አትጨነቅ፤ አቅምህ ነው፣ ምን ታረግ።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትራስ ብትወረውርልኝ ይሻለኝ ነበር። ሙዚቃም አልነበረም። ጋውኗን አወለቀችና አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ ሽሮ ልትሠራም ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አሁን ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ልበል፤ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር ነው። ሰኞ ዕለት ሽሮው ያረረው ማማሰያው እጄ ላይ እያለ ነው። መፍላት ሲጀምር ድምፁን ሰምቻለሁ። ታች መያዙን በጠረኑ አውቄያለሁ። እጄ ራሱ ሊያማስል ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደዚህ ቆላ የወረድኩት ከጋይንት ነው፤ በሰሊጥ አጨዳ፣ ከብዙ ጎረምሳ ጋር። ትርንጎን ሳገባ ግን የነገርኳት በትራክተር ረዳትነት መምጣቴን ነው። ረዳት የሆንኩት በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አብደራፊ ላይ የአንድ እርሻ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። የአጨዳ ሠፈር ውስጥ ሴት የለችም። ስልሳ ወንድ ነው፤ ከጎጃም የመጣ፣ ከወሎ የመጣ፣ በቤቱ ሳለ የእናቱን ጓዳ በዓይኑ ያላየ። የሚበላው ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ከመካከላቸው በአጨዳ የዘገየው ወጥ ሠሪ ይሆናል። የዘገየሁት እኔ ነበርኩ። በግማሽ በርሜል የማሽላ ገንፎ፣ በትልቅ ብረት ድስት ወይካ፣ ያ የደረቀ ባምያ ወጥ፣ በአካፋ እጀታ እያማሰልኩ ስልሳ ሰው አበላ ነበር። እንጀራም ጋግሬያለሁ። ልብስም አጥቤያለሁ። ስሜንም ተውትና «እትዬ» አሉኝ። «እትዬ፣ እራት ደረሰ?» «እትዬ፣ ጨመር አርጊልኝ!» ሲሉኝ እኔም «ቁጭ በል፣ አታንዛዛ!» እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ እኔ ብቻ አይደለሁም። ይህ ከተማ በዚያ ሠፈር ያለፉ ባሎች የሞሉበት ነው። ሊጥ አቡክተው፣ ድስት ፈግፍገው፣ ጓደኛቸውን አስታመው የኖሩ ናቸው። ያገቡ ዕለት ግን ሁሉም በአንድ ሌሊት ረሱት። እኔም ረሳሁ። ጓዳ ውስጥ ገብቼ «ጨው የት ነው ያለው?» ያልኩበት የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል፤ ትርንጎ ሙሽራ ነበረች፣ ሳቀችና አቀበለችኝ። ጥሩ ነገር መሰለኝ። ሁለተኛውን ቀንም ጠየቅኩ። ከዚያ መመለሻ የለውም። በዚህ ሳምንት ሽሮው ሳያርር ቢቀር ስምንት ዓመት የጠየቅኩት ጨው ሁሉ በአንድ ቀን ሊመጣብኝ ነው። ጋውኑ ግን የእውነት ስህተት ነበር፤ ሞኝ መስዬ ስሰነብት መሆን ጀመርኩ መሰለኝ።

ዓርብ ያን ሁሉ እያወቅኩ ዝም አልኩ። «ይቅር» ስትል ዝም አልኩ። ከሠራሁት ሁሉ የማፍረው በዚህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጉዴ በሩን አንኳኳ። ግቢው ውስጥ ነበርን፤ እኔ የመፍቻ ሣጥኔን ስፈታ፣ ትርንጎ የማኅሌትን ፀጉር እንደገና ስትሠራ። ከውጭ አንድ ድምፅ ተጣራ።

«እትዬ! ኧረ እትዬ! ቤቶች!»

ትርንጎን ታካሚዎቿ ሁሉ እትዬ ነው የሚሏት። «አቤት!» ብላ ተነሥታ በሩን ከፈተች። እኔ ድምፁን አውቄዋለሁ። በሩ ላይ ጥቅሉን በትከሻው ያዘለ፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ቆሟል። ባዘዘው ነው፤ የደጋ ዳሞቱ ባዘዘው፤ አብደራፊ ላይ ከኔ ጎን ይተኛ የነበረው። አጨዳ ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ በጋራዡ በኩል ጠይቆ ነው የመጣው።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችው።

«እትዬን ነው እሜቴ። ኸዚህ ነው ቤቱ አሉኝ።»

«እትዬ እኔ ነኝ።»

ባዘዘው ከላይ እስከ ታች አያት። «አይ እሜቴ፣ እርስዎንስ አይደለም። የኛ እትዬ ጢም አለው።» ወዲያው በትከሻዋ በላይ እኔን አየኝ። «ይኸውና! እትዬ! አለህ ወይ ወንድምዓለም!»

አቅፎ ከመሬት አነሣኝ። መፍቻው ከእጄ ወደቀ። ትርንጎ በሩን በዝግታ ዘጋችና፣ ለእንግዳው ውሃ አቅርባ ወንበር ሰጥታው ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጤና ጣቢያ በሽተኛ ስትመረምር እንደዚያ ነው የምትቀመጠው።

«እትዬ ያላችሁት ለምንድን ነው?» አለችው።

«እንዴው አልነገረዎትም? ስልሳ ሰው ያበላው ይኸ እጅ እኮ ነው! ገንፎው፣ ወይካው፣ እንጀራው። ምጣዱ ላይ ሲያሰፋው ዓይኑ ልቅም ያለ ነበር፤ አንዲት ቀን ተቀዶበት አያውቅም።»

«እንጀራው?» አለች ትርንጎ።

«አዎን።»

«ልብስስ?»

«የስልሳ ሰው ልብስ! ነጩን ለብቻ ነው የሚነክረው፤ ደባልቀን ካመጣን ይቆጣናል።»

ማኅሌት ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እንግዳውን ታያለች።

«ጨውስ?» አለች ትርንጎ።

«ጨውማ!» አለ ባዘዘው፤ ጉልበቱን መታ። «ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጨምረው! አንድ ቀን አልበዛ፣ አንድ ቀን አላነሰ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ነገር ግን ባዘዘው ገና አልጨረሰም። ሰው ሲመርቅ ማቆም አይችልም።

«እኔማ የሱ ባለ ዕዳ ነኝ እሜቴ። ወባ ጥሎኝ እህል እምቢ ሲለኝ፣ ኸዚያ ሁሉ ሥራ መሐል እየተመላለሰ ሙቅ አፍልቶ በማንኪያ ያጠጣኝ እሱ ነው። እናቴ ብትሆን ኸዚያ በላይ አታረግም።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ባለፈው ክረምት ወባ ይዞኝ ስተኛ ሙቅ ያፈላችልኝ ማን ነበረች?»

«እማማ ዝማም» አልኩ።

«አንተ የት ነበርክ?»

«በሩ ላይ።»

«ምን ትል ነበር?»

ማኅሌት ናት የመለሰችው፤ የተጠየቀችው እሷ መስሏት። «‹ጨው የት ነው ያለው?› ይል ነበር።»

ባዘዘው ሳቀ፤ ፊታችንን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። አፈርኩ። ያ አረፋ ውስጥ የሚቀመጠው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሩን ስጠይቅ፣ ላሟን ስፈልግ፣ ስለ ጣሪያ ስመራመር ዋናውን ነገር ሳልጠይቀው ኖሬአለሁ፤ እውን ይህ ሰውዬ እንቁላል መቀቀል አያውቅም? ወይስ እሱም አንድ ቦታ፣ ሴት በሌለችበት ሠፈር፣ ስልሳ ሰው አብልቶ ይሆን?

ተነሣሁና ወጥ ቤት ገባሁ። በሩን ክፍት ተውኩት። መስኮቱ ሥር ያለውን ሰማያዊ ክዳን ከፈትኩና ሳልለካ ጨው ቆነጠርኩ። ከገበያ የገዛሁት ወይካ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሽንኩርቱን ስከትፍ እጄ የፈጠነው ከኔ ቀድሞ ነው። ጣሪያው ምንም አላደረገኝም። ትርንጎ በሩ ላይ፣ እኔ የቆምኩባት ቦታ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየችኝ። እጇን አጣምራ ነበር፤ አልረዳችኝም፣ አላመሰገነችኝም። ባዘዘው ሲጎርስ ዓይኑን ጨፈነ። ማኅሌት ሦስት ጊዜ ጨመረች። ትርንጎ በዝግታ በላች። ስትጨርስ ሰሃኗን እኔ ፊት አስቀመጠችው።

«ሰኞ ስሜን እሰጣለሁ» አለች።

«ስለቻልኩ ነው?» አልኩ ደስ ብሎኝ።

«አይደለም። ስትችል ስለኖርክ ነው።»

ሰሃኑን አጠብኩት።

ሰኞ ስሟን ሰጠች። እኔ አዲስ ነጭ ጋውን አሰፋሁላት፤ ለብቻው ነው የሚነከረው። መናኸሪያ ስንሸኛት ማኅሌትን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔን ግን አየት አድርጋ «እትዬ፣ ልጄን አደራ» ብላ ተሳፈረች። የአውቶቡሱ ረዳት ወደ ሴቶቹ ዞሮ እትዬ የተባለችዋን ፈለገ።

ቤቱ መጀመሪያ ጭር አለብኝ። እውነቱን ለመናገር ናፍቆቱ ቀላል አልነበረም። ግን ሥራ ነበረኝ። ከጋራዥ በጊዜ ወጥቼ አቦካለሁ፣ አጥባለሁ፤ የማኅሌትን ፀጉር አሁን በሁለቱም በኩል እኩል ጉንጉን አወጣለሁ። ጓዳውንም እንደ ሠፈሩ ወጥ ቤት አስተካከልኩት፤ እሳቱ አጠገብ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጅ ርቀት። የጋራዡ ልጆች ሰምተው «እትዬ» ማለት ጀመሩ። ከእነሱ ሁለቱ አጨዳ ሠፈር ወጥ ሠሪ እንደነበሩ በጆሮዬ ነግረውኛል። ሚስቶቻቸው አያውቁም። ስማቸውን አልናገርም።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት እሳት ላይ ወይካ ጥጄ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። ከጎንደር ለሰንበት የመጣችው ትርንጎ ቦርሳዋን በሩ ላይ አስቀመጠች፤ ደረቷን ነፋች፤ በዚያ በተርጓሚው ወፍራም ድምፅ «ማር! መጣሁ!» አለች። ማኅሌት እየጮኸች ሮጠች። እማማ ዝማም ብልቃጣቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ዛሬስ አለ?»

«ዛሬስ አለ እማማ» አለቻቸው። «ይግቡ።»

ከነብልቃጣቸው ገቡና አራታችንም ገበታ ላይ ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ያ ሰውዬ ሳሩን ያጭዳል። ላሟን አሁንም አላየኋትም፤ እኔ ግን በነዚህ ሳምንታት ላሟን ትቼ እጁን ማየት ጀምሬያለሁ። ትርንጎ አንድ ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ቆም አለች።

«ትንሽ ጨው ይጎድለዋል» አለች።

እውነቷን ነበር፤ የደስታ ነገር ሆኖ አሳንሼዋለሁ። ራሷ ተነሥታ ጓዳ ገባች። መስኮቱ ሥር የነበረው ቆርቆሮ የለም። አንድ ክዳን ስትከፍት ሰማኋት፤ ሌላ ክዳን ስትከፍት ሰማኋት። ቆይታ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ በራሷ ቤት መንገድ የጠፋት መስላ፣ ለመሳቅም ለማልቀስም እየቃጣት።

«ጨው የት ነው ያለው?» አለች ትርንጎ።

ተነሥቼ አቀበልኳት።